የሰገነት አንገት

ሰገነት ሲስተር ለመባል ገዳም መግባት አያስፈልጋትም ነበር። ነርስ ናትና የቢቸና ሰው ድሮውንም «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራት። ገበያ መሃል ሽንኩርት ስትመርጥ እንኳን «ሲስተር፣ ያ ክኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» የሚላት አታጣም። እሷ የምትመኘው ግን ሌላውን ሲስተርነት ነበር፤ ሞጣ ላይ መዋዕለ ሕፃናትና የእናቶች ክሊኒክ ከፍተው የሚኖሩትን የካቶሊክ እህቶች ኑሮ። በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ ሥራ እያላት፣ «ላግባሽ» የሚላትም ሳይጠፋ፣ ልቧ ወደዚያ ካዘነበለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ታዲያ ምን ያዛት? አንገቷ ያዛት።

ነገሩ ከአባቷ ይጀምራል። መምህር ገብረ ኪዳን ከዓዲግራት ማዶ ተመድቦ የመጣ ካቶሊክ ነበር፤ ቢቸና ሒሳብ ሲያስተምር የአገሩን ልጅ አገባ። ሰገነት ሁለት ዓመት ሲሞላት እናቷ በእንቅርት ሞተች። አንገቷ አብጦ አብጦ በመጨረሻ ትንፋሿን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ያሳደጓት የእናቷ ታላቅ እህት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናቸው። አመሻሽ ላይ አባት መቁጠሪያውን ይዞ በአንድ ጥግ ይጸልያል፣ አክስት በሌላው ጥግ ቆመው ይጸልያሉ። ሁለቱም ደጋግመው የሚጠሩት ማርያምን ስለሆነ፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር። አባቷ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። መቁጠሪያው ግን እሷ ዘንድ አለ።

አምስት ዓመቷ ላይ የሰገነት አንገት ወፈር ያለ መሰለ። አክስት በእህታቸው የደረሰውን አይተዋልና ሐኪም እስኪገኝ አልጠበቁም። ለነቃሽ ሰጧት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰገነት በአንገቷ ዙሪያ ሦስት ጥቁር መስመር፣ በመስመሮቹም መሃል ጥቃቅን መስቀል ይዛ ትኖራለች። በዚህ አገር አንገት ላይ የሚነቀስ ንቅሳት ውበት ብቻ አይደለም፤ እንቅርትን ይከለክላል ይባላል። እንግዲህ ይህችው ልጅ አድጋ ነርስ ሆነችና ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ እናቶችን ሰብስባ «እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ያለበት ጨው ነው፤ ንቅሳት አይከላከልም» ብላ ስታስተምር፣ እናቶቹ አንገቷን እያዩ እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። አንዷማ «ይኸው አንቺን ከልክሎልሽ የለም ወይ?» ብላ ጉባኤውን በሳቅ አፍርሳዋለች።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው የፋርማሲስቱን የባየን ቀልድ ነው። ባየ አብሯት የሚሠራ፣ ያገኘውን ሁሉ ከስልኩ የሚያነብ ሰው ነው። ሞጣ የምትመላለሰው ለምን እንደሆነ የሰማ ቀን «እንዲህ ያለ አንገት ይዘሽ ገዳም?» አላት። «ሙሴ ገላችሁን አትነቀሱ ብሎ የለም እንዴ? የፈረንጆቹ ገዳማት ደግሞ ገና በር ላይ ‹ገላሽ ላይ የተጻፈ ነገር አለ ወይ?› ብለው ይጠይቃሉ አሉ፤ አንብቤያለሁ።»

ባየ የተናገረውን ከምሳ በኋላ ረስቶታል። ሰገነት ግን ከደረቷ አልወጣ አላት። እህቶቹን ጠይቃ ብትረዳ ምን ነበረበት? ምንም። ግን እኛ ሰዎች ገመናችንን ከምንጠይቅበት ብንሸፍነው ይቀለናል። ወደ ሱቅ ሄደች፣ ሰማያዊ ሻርፕ ገዛች፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመች፤ በዚያው ቀረ።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፋ ሞጣ ትሄዳለች። ከእህቶቹ ጋር ትጸልያለች፣ ክሊኒካቸው ውስጥ ትረዳለች፣ የሕፃናቱን አፍንጫ ትጠርጋለች። በሚያዝያ ሐሩር ሰው ሁሉ ልብሱን ሲያላላ እሷ ሻርፏን ታጠብቃለች። የቤቱ አለቃ ሲስተር ሊድያ ከሆሳዕና የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩ ሴት ናቸው። አንገቷን ሰረቅ አድርገው ያዩና ዝም ይላሉ። «አውቀውብኛል» ትላለች ሰገነት በልቧ፤ እሷም ዝም ትላለች። ዘጠኝ ወር እንዲህ ተዘጋግተው ከረሙ።

ከዚያ የመግቢያው ፎርም መጣ። ለጰራቅሊጦስ የማኅበሩ ኃላፊ ሞጣ ስለሚመጡ እስከዚያው ተሞልቶ ማለቅ አለበት። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ፊትና አንገት በግልጽ የሚታይበት፤ የጤና ምርመራ፤ ልዩ ምልክት፤ የቤተሰብ ቃል። ሰገነት ፎርሙን ይዛ ቢቸና ተመለሰች። ከሁሉ ይልቅ «አንገት» የሚለው ቃል ጎልቶ ታያት።

ቀጥሎ ያደረገችውን አንዲት ታካሚ አድርጋው ብትመጣባት ኖሮ ሰገነት ምን ብላ እንደምትቆጣት እኛም እናውቃለን። ቆዳ ያነጣል የተባለ፣ ስም የሌለው ክሬም ከቁንጅና ዕቃ ሻጭ ገዛች። በቀኝ በኩል፣ ከአገጯ በታች፣ ለሙከራ ሦስት ቀን ቀባችው። በአራተኛው ቀን ቆዳዋ ተላጦ ውሃ ቋጠረ። መስመሩና መስቀሉ ግን ከቁስሉ ሥር እንደ ድሯቸው ጠቁረው ተቀምጠዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

ሰገነት ፊቷን ስትታጠብ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቁስሉን አዩት።

«ምን ነክቶሽ ነው ልጄ? ማን አቃጠለሽ?» አሉ ደንግጠው።

ሰገነት ዘጠኝ ወር ያፈነችው ሁሉ ገነፈለ። «እርስዎ ነዎት እንጂ ሌላ ማን ያቃጥለኛል! የአምስት ዓመት ልጅ ይዘው ለነቃሽ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እህቶቹ እንዲህ ያለ አንገት ይዤ አይቀበሉኝም። ባለማወቅዎ ሕይወቴን ዘጉብኝ፣ እትዬ!»

አክስት ወደ ኋላ አሉ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አንገታቸውን ሸፈኑና ጌሾ ወዳሰጡበት ግቢ ወጡ። በማግስቱ ሰገነት ከሥራ ስትመለስ አልጋዋ አጠገብ በሲኒ የተቀመጠ ነጭ ማር አገኘች፤ ለቁስሏ ነው። ማሩን ቀባችው። አመሰግናለሁ ማለት ግን ምላሷ ላይ ታስሮ ቀረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይነጋገሩ ዋሉ።

ቅዳሜ ሞጣ ሄደች። የመጣው ይምጣ፣ እነግራቸዋለሁ ብላ ቆርጣለች። ሲስተር ሊድያ ግን ቀደሟት። እጇን ይዘው እንግዳ መቀበያው ክፍል አስቀመጧትና ፖስታ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። አጠገባቸው መዋዕለ ሕፃናቱን የምታስተምረው ወጣቷ ሲስተር ሰሎሜ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

«እስክትነግሪን ብለን ብዙ ጠበቅን» አሉ ሲስተር ሊድያ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንቺ ነርስ ሆነሽ ይህን አታጪውም። ባሕር ዳር ጥሩ ሐኪም አግኝተን ቀጠሮ አስይዘንልሻል። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ብለውኛል። እስክትድኚ እኛው እናስታምምሻለን፤ በዚህ ምክንያት ደግሞ ማንም ‹አትግቢ› አይልሽም። አይዞሽ።»

ሰገነት ግራ ገባት። «የምን ኦፕራሲዮን?»

«የእንቅርትሽ ነዋ!»

ሰገነት አንዴ ሲስተር ሊድያን፣ አንዴ ሰሎሜን አየች። ከዚያ ሻርፏን ፈታችው። ሦስቱ መስመርና ጥቃቅኑ መስቀል፣ ከአገጯ በታችም ያ ቁስል ተገለጡ። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ምንም እብጠት የሌለበት አንገት ነው።

ሲስተር ሊድያ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። እንደ አዋላጅ በሁለት ጣታቸው ጉሮሮዋን ዳሰሱት። «ዋጪ» አሏት። ዋጠች። «የለም!» አሉ።

«የለም?» አለች ሰሎሜ። «ሲስተር፣ ምንም የለም? እኔ እኮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስኳር የሌለው ሻይ ነው የጠጣሁት!»

ለካ ቤቱ በሙሉ ለሰገነት አንገት የዘጠኝ ቀን ጸሎት ይዞ ነበር። ሰሎሜ ስኳር ትታለች፣ አንዷ እህት ከእንቅልፏ ሰዓት ቀንሳለች፣ ሲስተር ሊድያ ደግሞ ባሕር ዳር ድረስ ሲደዋውሉ ሰንብተዋል። ሠላሳ ዓመት በእንቅርት አገር የሠራች ሴት፣ አንገቷን የምትሸፍን ልጅ አይታ ሌላ ምን ታስብ? ሰሎሜ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሲስተር ሊድያም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ተከተሉ። ሰገነት ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ባልታመመ አንገቷ ምክንያት ስንት ሰው ለእሷ ሲደክም እንደከረመ አሰበችና አልቻለችም። እባረራለሁ ብላ የፈራችበት ቤት ሳታውቀው ሲጸልይላት ከርሟል።

«ታዲያ ንቅሳቱ» አለች ትንሽ ሲበርድላት፣ «ንቅሳቱ አያስከለክለኝም?»

ሲስተር ሊድያ ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። «ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ማን ምንኩስና መግባት እንደማይችል ለይቶ ተናግሯል። ባሏ በሕይወት ያለ ሚስት፣ ዕድሜዋ ያልደረሰ፣ ሰው አስገድዷት የመጣች፣ እያለ ይሄዳል። ንቅሳት ግን እዚያ ውስጥ የለም። አንዳንዱ ማኅበር የራሱ ልማድ አለው፤ እኛም እንጠይቃለን። የምንጠይቀው ምን ተሣለ፣ ለምን ተሣለ፣ ዛሬስ ልቧ ምን ይላል ብለን ነው። ስድብ ወይም ጥላቻ ገላዋ ላይ የጻፈች ብትመጣ ረዘም ያለ ወሬ ይኖረን ነበር። አንቺ በአምስት ዓመትሽ የተነቀስሽው መስቀል ነው። ለዚህ ነው ዘጠኝ ወር በላብ የተጠመቅሽው?»

ሰገነት በእፍረት አቀረቀረች።

«እኔን የሚያሳስበኝ ንቅሳቱ አይደለም፤ ይኼ ቁስል ነው» አሉ ሲስተር ሊድያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማን ነው ያስነቀሰሽ?»

«አክስቴ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሕይወቴን ዘጉብኝ አልኳቸው።»

ሲስተር ሊድያ ፎርሙን አንስተው ባዶውን መስመር በጣታቸው አሳዩዋት። «የቤተሰብ ቃል ይላል። ሕጉ ግድ አይልም፤ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ። እኔ ግን ያሳደገቻትን ሴት አስለቅሳ የመጣች ልጅ ለኃላፊያችን አላቀርብም። ጰራቅሊጦስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሂጂና ለምን እንዳስነቀሱሽ ጠይቂያቸው። ይቅርታ መጠየቁን እንኳ እኔ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ።»

በመመለሻው ሚኒባስ ሰገነት ሻርፏን በቦርሳዋ ከተተችው። በመስኮት የሚገባው ነፋስ አንገቷን ሲነካው ዘጠኝ ወር ታስሮ የተፈታ ሰው የሆነች መሰላት። ንቅሳቷን ልብ ያለ ማንም አልነበረም። እሷ ግን መንገዱን ሙሉ የምታስበው ስለዚያ የማር ሲኒ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ያሰጡትን ጌሾ ያገላብጣሉ። ሰገነት ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሄዳ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ክፉ ቃል ተናገርኩዎት።»

«ተነሽ፣ ተነሽ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አሉ አክስት፤ ግን እጃቸው ራሷ ላይ ቀረ። «ይቅር ይበልሽ። እኔስ ምን አለብኝ፤ እውነትሽን ነው፣ አላዋቂ ነኝ።»

«አይበሉ እንዲህ። ይልቅ ይንገሩኝ። ያን ጊዜ እንዴት ነበር?»

አክስት ከጌሾው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅጠሉን ከጣታቸው አራገፉ።

«አንገትሽ ሲወፍር አባትሽ አልነበረም፤ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል። እኔ የእናትሽ ትንፋሽ ሲቆራረጥ በጆሮዬ የሰማሁ ሰው ነኝ። ነቃሿ ከመርጡለ ማርያም ለቅዳሜ ገበያ ትመጣ ነበርና ሄጄ ለመንኳት። ግን ደግሞ ፈራሁ። የጎረቤታችን ልጅ ንቅሳቱ መርዞባት ስትሞት አይቻለሁ። ስለዚህ ‹መጀመሪያ እኔን ንቀሺኝ› አልኳት። ‹አንቺ ደግሞ በሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ለማን ልታምሪ ነው?› ብላ ሳቀችብኝ። ትሣቅ። ጥላሸቱም ያው፣ መርፌውም ያው ይሁን አልኳት።»

«ያው መርፌ?» አለች ሰገነት፤ ነርስነቷ ሳታስበው ቀደማት።

«በእሳት አግለነዋል እባክሽ! ሐኪም መሆንሽን አሁን ተይው። አርባ ቀን ጠበቅሁ። ትኩሳት ቢይዘኝ፣ መግል ቢቋጥር፣ ያንቺን ልተወው። ምንም አልሆንኩም። በአርባ አንደኛው ቀን አንቺን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሰጠኋት። ‹መስመር ብቻ ላድርግላት› አለችኝ፤ ‹መስቀል ይግባበት› አልኩ። መስቀል ያባትሽም ነው፣ የእኔም ነው፤ አያጣላንም ብዬ።»

አክስት ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አደረጉት። ሦስት መስመር፣ በመሃሉ ጥቃቅን መስቀል። ሰገነት ይህን አንገት ሃያ ሁለት ዓመት አይታዋለች። በሕፃንነቷ ታቅፋው ተኝታለች፣ አብዝታም ስማዋለች። አክስቷ በልጃገረድነታቸው ለውበት የተነቀሱት ይመስላት ነበር። የእሷን ሞት ቀድሞ ለመቅመስ የተዘረጋ አንገት መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችም።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ሲመለስ አኮረፈኝ። ሦስት ቀን በቤቴ እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን አንገቴን አየና ገባው። ምንም አላለም፤ ሳህኑን አንስቶ በላ።» ወይዘሮ ጥሩአየሁ ፈገግ አሉ። «ሒሳብ አዋቂ አልነበር? ደምሮ ደረሰበት።»

ሰገነት አክስቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ቀስ ብላ ስለ ባዶው መስመር፣ ስለ ቤተሰብ ቃል ነገረቻቸው። እንቢ ቢሉኝ ምንም አይደል ለማለት ፈልጋ ነበር፤ ምንም አይደል ግን ውሸት ስለሆነ ሳትለው ቀረች።

አክስት ብዙ አሰቡ። «እኔ አልወለድኩም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ትወልጂልኛለሽ ብዬ ነበር። ይህን ቆርጦ መተው ቀላል አይደለም፤ አልዋሽሽም። ግን ያን አርባ ቀን ማርያምን የለመንኩት ልመና አለ። ‹ይቺን ልጅ አትርፊልኝ እንጂ የት ዋለች፣ የት አደረች ብዬ አልጠይቅሽም› ብያታለሁ። እሷ የድርሻዋን አድርጋለች። አሁን እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ለጰራቅሊጦስ አራት ቀን ሲቀረው ሁለቱ አብረው ሞጣ ወረዱ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ አንድ ገንቦ ማር አስይዘዋል፤ የካቶሊኮቹ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ትንሽ አመነቱና አማትበው ገቡ። ሲስተር ሊድያ በሩ ድረስ ወጥተው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙ። ሰሎሜ ሻይ አመጣች፤ የራሷን ብርጭቆ በስኳር አጥግባዋለች።

ፎቶግራፎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰገነት በሁለቱም ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ንቅሳቷ ሁሉ በግልጽ እየታየ ተነሥታለች። ቁስሉ ጠገግ ብሏል። ሲስተር ሊድያ እስክሪብቶ አንስተው «ልዩ ምልክት» የሚለው ላይ ደረሱና ወደ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ዘወር አሉ።

«እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ እናቴ?»

«ያለውን ይጻፉዋ። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት፣ መስቀል ያለበት። እኔ ነኝ ያስነቀስኳት፤ እሷ ጥፋት የለባትም።»

ሲስተር ሊድያ ቃል በቃል ጻፉት። ከዚያ በታች ራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩና ጮክ ብለው አነበቡ፦ «አክስቷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቀድመው ተነቅሰውላታል።» ሰሎሜ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አሁን የቤተሰብ ቃል» አሉ ሲስተር ሊድያ። «ይፈቅዳሉ?»

«ፈቅጃለሁ። መርቄያለሁም። የሰጠኋት ለማርያም ነው፤ እናንተ ደግሞ አደራዬን ጠብቁልኝ። ሲበርዳት አትናገርም፣ ሲያማት ትደብቃለች፤ አንገቷን እያያችሁ ጠይቋት።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ መጻፍ ስለማይችሉ የማኅተም ቀለም ቀረበላቸው። አውራ ጣታቸውን ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ፤ ጣታቸውን ከወረቀቱ ሲያነሱ ጥቁር ሆኖ አገኙት። ወደ ብርሃኑ አቅርበው አገላብጠው አዩት።

«ይኼኛውስ ይለቃል?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ፣ በሳሙና ይለቃል» አለች ሰሎሜ ፎጣ እያቀበለቻቸው።

«እንግዲያው የእኔው ይሻላል» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ።

ሰገነት ከወንበሯ ተነሣች። ነጠላቸውን ገለጥ አድርጋ የአክስቷን አንገት ሳመች፤ ከማሩ ቀን ጀምሮ ምላሷ ላይ ታስሮ የቆየውንም ቃል በጆሯቸው ነገረቻቸው።